ክስ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስታሻግሩ፦ ማኅተሙ፣ ፎንቱ፣ ሰዓቱ

የመዝገብ ቤት መስኮት ጋ ቆማችሁ ካወቃችሁ ልጅቷን ታውቋታላችሁ። ክሱን ተቀብላ ጣቷን ስፖንጅ ላይ ነካ ታደርግና ገጽ ትቆጥራለች። «ገጽ ሰባት የታለ?» «ይሄ ማኅተም አይታይም፣ ሌላ ኮፒ አምጣ።» «ለተከሳሽ የሚሆን ግልባጭ አንድ ይጎድላል።» እያጉረመረምን ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠን ስንመለስ ወረፋው እጥፍ ሆኖ ይጠብቀናል።

ይቺን ልጅ አሁን ናፍቄያታለሁ።

ትንሽ የጥብቅና ቢሮ አለኝ፤ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ማስገባት የተሻገርነው ብዙ ተሳስተን ነው። ስካን ማድረጉ ቀላሉ ክፍል ሆኖ አገኘሁት። ከባዱ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስትሠራው የነበረው ሥራ ሁሉ ወደ እናንተ መምጣቱ ነው። ገጽ ሰባት ባዶ ቢሆን ሲስተሙ ምን ቸገረው? ይቀበላል። ጉድለቱን የምትሰሙት ከወራት በኋላ፣ ችሎት ላይ፣ ከተቃራኒ ወገን ጠበቃ አፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሙሉ እሷን ቢሯችሁ ውስጥ መልሳችሁ የምትቀጥሩበት ዘዴ ነው በሉት።

መጀመሪያ ግን የእናንተ ፍርድ ቤት ምን እንደሚቀበል አጣሩ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያለው አሠራርና በክልሎች ያለው አንድ አይደለም፤ አንዱ ምድብ ችሎት ከሌላው ሊለይም ይችላል። ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ፋይሉ በምን ዓይነት ይቅረብ፣ የአንዱ ፋይል መጠን እስከ ስንት ሜጋባይት ይፈቀዳል፣ ከላክሁት በኋላ ወረቀቱንም ይዤ ልምጣ ወይ፣ እና ቀኑ የሚቆጠረው ከላክሁበት ነው ወይስ ሬጅስትራሩ አይቶ ከተቀበለበት? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። መልሱን የሰጣችሁን ሰው ስምና ቀኑን ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

አካውንቱ የማን ነው?

አካውንት ስትከፍቱ በጠበቃው ወይም በባለጉዳዩ በራሱ ስልክና ኢሜይል ክፈቱ። እኛ መጀመሪያ በጸሐፊያችን ስልክ ነበር የከፈትነው፤ እሷ ናት የምታስገባው ብለን። ልጅቱ የተሻለ ሥራ አገኘች፣ መረቅናት፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሩ በመጣ ቁጥር እየደወልን «እባክሽ ያቺን ስድስት አኃዝ ንገሪኝ» ማለት ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። የባሰው ደግሞ የቀጠሮ ለውጥ መልእክትም ወደ እሷ ስልክ ሲሄድ ነበር።

ስም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አማርኛችን ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል አለው። ኃይለሥላሴ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለስላሴ፣ ሐይለስላሴ፤ ለእኛ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ሰው። መዝገብ ቤት ያለ ሰው በዓይኑ አይቶ ያልፈዋል፤ የፍለጋ ሳጥን ግን አያልፍም። ፋይዳ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጉና ክሱም፣ የማስረጃ ዝርዝሩም፣ ቃለ መሐላውም እንደዚያው ይሁን። ውክልናው ወይም ካርታው ላይ የተለየ ካለ ክሱ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት፤ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን። በኋላ መዝገብ ስትፈልጉ ደግሞ «የለም» ቢላችሁ ወዲያው አትደንግጡ፤ በሁሉም ፊደል ሞክሩት።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተንም ሁኑ ዱባይ፣ በኢንተርኔት ማስገባት መቻሉ የውክልናውን መንገድ አያሳጥረውም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ይሄ አልቆ ነው ጠበቃችሁ በስማችሁ «ላክ» የሚለውን የሚነካው። ጊዜ ስትቆጥሩ ይሄንንም ቁጠሩ።

ፎንቱ

እዚህ ጋ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የሚባለውን ጨምሮ፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ደብቀው ነው የሚያሠሩት። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ «ከሳሽ» ይላል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግን እርስ በርሱ የተጠላለፈ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ወረቀት ላይ ይሄ ችግር አልነበረም፤ ፕሪንት ካደረጋችሁ በኋላ ቀለም ቀለም ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ የአቤቱታ ጸሐፊዎችም፣ ብዙ የጥብቅና ቢሮዎችም እስካሁን በእነዚህ ፎንቶች የሚሠሩት ለዚህ ነው። ለሃያ ዓመት ምንም አልሆኑም እኮ።

መሞከሪያዋ ቀላል ናት። ከክሱ ላይ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ ቀጥሉ። የማይነበብ ነገር ከሆነ የድሮ ፎንት ነው። እሱን ከሆነ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ግን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ላይ በተለይ። የገንዘብ መጠን ላይ አንድ ነጥብ ጠፍታ ስታገኟት ታመሰግኑኛላችሁ። የቢሮውን ቅጾች በሙሉ፣ የክሱን፣ የመልሱን፣ የቃለ መሐላውን አንዴ ቁጭ ብላችሁ በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። አንድ ቅዳሜ ይፈጃል።

ከዚያ ክሱን ከራሱ ከወርድ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። እባካችሁ ፕሪንት አድርጋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ሠላሳውንም ገጽ መልሳችሁ ስካን አታድርጉ። በቀጥታ የተቀየረው ፋይል ትንሽ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ዳኛውም ውስጡ ቃል መፈለግ ይችላሉ። ስካን የተደረገው ግን ፎቶ ነው፤ በፎቶ ውስጥ ቃል አይፈለግም። በእጅ የተፈረመ ገጽ ከተፈለገ፣ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደላችሁ፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ስካን አድርጋችሁ አያይዙት፤ ያቺ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ የምትለውን ማለቴ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል፤ ነገር ግን በአዋጁ የሚታወቀው የምስክር ወረቀት ያለው ዲጂታል ፊርማ ሌላ፣ የፊርማችሁን ፎቶ ወርድ ላይ መለጠፍ ሌላ። ሁለተኛውን ሠርታችሁ አንደኛውን ሠራሁ አትበሉ።

ፒዲኤፉን ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሁሌም ያምራል።

ማኅተሙ

በእኛ አገር ማስረጃ ማለት ማኅተም ነው። ክብ፣ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ፣ ግማሹ ፊርማ ላይ ያረፈ። ስካነሩን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጋችሁ ብትሠሩ ወይ ማኅተሙ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ወይ ጠቁሮ ከሥሩ ያለውን ፊርማ ይውጠዋል። እኔ ራሴ የሽያጭ ውል ይዤ ቀርቤ ዳኛዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው «እዚህ ላይ ማኅተም ያያሉ?» ብለውኛል። አላየሁም። ወረቀቱ ላይ ግን ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ። እንደ ዕድል ይዤው ስለነበር አሳየሁ።

ስለዚህ ማኅተም ያለው ሰነድ ሁሉ በከለር፣ በ300 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን)። ፋይሉ ከበደ ከተባለ ወደ 200 አውርዱት፤ ከለሩን ግን አትንኩ። ተራ ጽሑፍ የሆነውን፣ ለምሳሌ የተጻጻፋችሁትን ደብዳቤ ኮፒ፣ በግራጫ ብትሠሩት ይበቃል።

ጀርባውን አትርሱ። የሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የካርታ ላይ የዕግድ ማስታወሻ፣ ብዙ ጊዜ ያለው ከኋላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ልምድ ስላለው ገልብጦ ያያል፤ ስካነር ግን ያስቀመጣችሁለትን ብቻ ነው የሚያየው። በስልክ ካነሳችሁ ደግሞ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ከቀጥታ በላይ ሆናችሁ አንሱ። የራሳችሁ ጭንቅላት ጥላ ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ለማንም አይጠቅምም። ስቴፕለሩን ስትነቅሉ የገጹን ጥግ እንዳትቀድዱ፤ ኦሪጅናል ነው።

ፋይሎቹን ስም ስጧቸው። በዚያው ሕግ ቁጥር 223 መሠረት የምታቀርቡት የማስረጃ ዝርዝር ላይ ሦስተኛው የሽያጭ ውል ከሆነ፣ ሦስተኛው ፋይልም የሽያጭ ውል ይሁን፤ ቁጥሩ ከፊት፣ ከዚያ የሰነዱ ስም፣ ከዚያ ቀኑ። ስካነሩ ራሱ የሰጠው ቁጥር እንዳለ ከተላከ ዳኛው አሥራ አራት ፋይል አንድ በአንድ እየከፈቱ ሊፈልጉላችሁ ነው? አይፈልጉም። አንዳንድ ሲስተም ደግሞ የግዕዝ ፊደል ፋይል ስም ላይ ሲያይ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። አንድ ፋይል ልካችሁ ሞክሩ፤ ካበላሸ በላቲን ፊደልና በቁጥር ሰይሙ። ዝርዝሩ ላይ ገጽ ቁጥር ከጻፋችሁ የወረቀቱ ይሁን የፒዲኤፉ ይለይ፤ ሽፋን ገጽ ካለ አንድ ይዛነፋል።

ድምፅና ቪዲዮ ካላችሁ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በፍላሽ ነው።

ስለ ማጥቆር ደግሞ። የልጅ ስም፣ የሕክምና መረጃ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር መሸፈን ስትፈልጉ ጥቁር ሳጥን ላዩ ላይ መሳል አይበቃም። ጽሑፉ ከሥር አለ፤ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ብቅ ይላል። በጃንዋሪ 2019 አሜሪካ ውስጥ የፖል ማናፎርት፣ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው ሰው፣ ጠበቆች ለፌዴራል ፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ላይ የሆነው ይሄው ነው፤ ጋዜጠኞች የጠቆረውን ክፍል ኮፒ አድርገው አነበቡት። እንደነሱ ያሉ ጠበቆች ከተሳሳቱ እኛማ። የድሮው ዘዴ ይሠራል፦ ፕሪንት አድርጉ፣ በወፍራም ማርከር አጥቁሩ፣ የጠቆረውን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ስካን አድርጉ። ኋላ ቀር ይመስላል፤ ግን ከሥር ምንም የለም። ፍርድ ቤቱ ያልጠቆረውን ማየት ከፈለገ ለብቻው ታቀርባላችሁ፤ ይሄንንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱ

እንግዲህ ወደዚያች አራተኛ ጥያቄ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከላክሁበት ነው ወይስ ከተቀበሉበት? ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለው ጊዜ ሦስት ወር ነው። መደበኛ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን። በወረቀት ዘመን የመጨረሻው ቀን ማለት መዝገብ ቤት የሚዘጋበት ሰዓት ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ያበቃል፣ ሁሉም ያውቀዋል። አሁን ግን በሩ አይዘጋም፤ እኛም «እስከ ሌሊት ጊዜ አለን» ማለት ጀመርን።

የቱ ሌሊት? ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ቀኑ የሚገለበጠው በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቡና ጠጥታችሁ ክስ የምታስተካክሉ ከሆነ፣ ለእናንተ ገና ዛሬ ነው፤ አልተኛችሁም፣ አልነጋም። ለኮምፒውተሩ ነገ ከሆነ አንድ ሰዓት አልፎታል። ደረሰኙ ላይ 12:40 የሚል ብታዩም ቀንም ሌሊትም ሊሆን ይችላልና ከጎኑ ያለውን ምልክት እዩ።

ቀን ስትቀይሩም በአእምሯችሁ አትመኑ። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ በሌላው ዓመት 11። በእንዲህ ዓይነቱ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። ስድሳኛው ቀን ላይ ላለ ይግባኝ ባይ አንድ ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ከመጨረሻው ቀን በፊት ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሜ እልካለሁ። ሬጅስትራሩ ጉድለት አይቶ ቢመልሰው ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከተቀበለበት ከሆነም አልጎዳም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ሁለቱም ተነጋግረው ይጠፋሉ። ላፕቶፑ ቻርጅ የተደረገ፣ ስልኩ ላይ ዳታ ያለው፣ ፋይሉም ፍላሽ ላይ የተቀመጠ ይሁን። የመጨረሻው ቀን ደርሶ ሲስተሙ እምቢ ካለ ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱና ወረቀቱን ይዛችሁ ሩጡ። «ሲስተም የለም» የሚለውን ዳኛ ፊት ከማስረዳት በር ላይ መገኘት ይሻላል።

ክፍያውን ከማስገባቱ ለዩት። የዳኝነት ክፍያውን ከፍላችሁ መልእክት ሲደርሳችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። አንድ ወዳጄ ከፈለ፣ የክፍያ መልእክቱን አየ፣ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ደስ ብሎት ምሳ ሄደ። የመጨረሻዋን «አስገባ» የምትል ቁልፍ አልነካትም። ክሱ ለአሥራ አንድ ቀን ረቂቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ሁለት ደረሰኝ ነው የምትፈልጉት፦ የከፈላችሁበትና ያስገባችሁበት። ሁለተኛው መዝገብ ቁጥር ወይም የማመልከቻ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያለው መሆን አለበት። ያ ነው የዱሮው «ገቢ ሆኗል» ማኅተማችሁ። ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ፕሪንትም አድርጉት፤ አዎ፣ ወረቀት ላይ። ከዚያ ሲስተሙ ውስጥ ተመልሳችሁ ግቡና የላካችሁትን እያንዳንዱን ፋይል ከፍታችሁ ገጹን ቁጠሩ። ጣታችሁን ስፖንጅ ላይ ባትነኩም።

ቢሮውን ስታሻግሩ መደርደሪያውን በሙሉ በአንድ ክረምት ስካን እናድርግ አትበሉ። ሞክረነዋል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው ታመመ። አዲስ ክስ በአዲሱ መንገድ ይግባ። በሂደት ላይ ያለው መዝገብ ቀጠሮው ሲደርስ ይቀየር፣ ያኔ መክፈታችሁ አይቀርምና። የተዘጋው እዚያው አቧራው ይጠጣ። ሥራውንም ለወጣቱ «ኮምፒውተር ለሚችለው» ብቻ አትስጡ። መዝገብ ቤት ሲመላለስ የኖረው ጉዳይ አስፈጻሚ የትኛው ሰነድ በምን ምክንያት እንደሚመለስ ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ልጁ አፕሎድ ያድርግ፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ገጽ ይቁጠር። ፋይሎቹ ከአንድ ኮምፒውተር ውጭ፣ ሌላ ቤት በሚያድር ሃርድ ዲስክ ላይም ይኑሩ።

ኮምፒውተር የሌላችሁና ኢንተርኔት ካፌ የምትጠቀሙ ደግሞ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ዳውንሎድ ፎልደሩን አጽዱ፣ ሪሳይክል ቢኑንም። ባለፈው ፕሪንት ለማድረግ አንድ ካፌ ገብቼ ዴስክቶፑ ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች የፍቺ አቤቱታ ከነልጆቻቸው ስም አገኘሁት። ባለቤቱን ጠርቼ አስጠፋሁት፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳነበበው ግን እንጃ።

መጥሪያውን ደግሞ ተከታተሉ። እናንተ ስለላካችሁ ተከሳሹ ደረሰው ማለት አይደለም፤ መጥሪያ ወጥቶ መድረሱን፣ የደረሰበት ማረጋገጫም መዝገቡ ላይ መግባቱን ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት እዩ። ካልደረሰ ቀጠሮው ለዚያው ሲባል ይለወጣል።

በቀጠሮው ቀን ኦሪጅናሎቹን በማስረጃ ዝርዝሩ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከለር ፕሪንት አይደለም፣ ኦሪጅናሉን። የደረሰኙን ወረቀት ከላይ አድርጉት። ችሎት ውስጥም መብራት ይጠፋል።